ዳባሁ 1998፦ የ400 ዓመት ዕዳ በሦስት ሳምንት

የካቲት 10 ቀን 2017 ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ አንድ ልጅ በጠመኔ «ጣናም ይሰነጠቃል?» ብሎ ጽፎ ጠበቀኝ። አርብ ማታ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ አዋሽ ፈንታሌ በኩል 6.0 የተለካው መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር፣ ቅዳሜና እሁዱን ሙሉ ቴሌግራሙም ፌስቡኩም ቲክቶኩም ወሬው እሱ ብቻ ሆኖ ነው የዋለው፣ እና ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ አፋር ውስጥ አስፋልት ለሁለት ተከፍሎ በስልኩ ካየ መጀመሪያ የሚያስበው የራሱን ቤት ነው። ማን ይፈርድበታል። ጥያቄውን አላጠፋሁትም፣ ከጎኑ ቀኑን ጻፍኩበትና «ይሄን ሳንመልስ አናልፍም» አልኳቸው።

«አይሰነጠቅም፣ ተቀመጡ» ብዬ መቀጠል እችል ነበር። ግን ሳስበው ጥፋቱ ከኔም አለበት። ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ ስለ ፕሌት፣ ማለትም የምድር ቅርፊት ስለተከፋፈለባቸው ግዙፍ ቁራጮች ሳስረዳ የማደርገው አንድ ነገር ነበር፣ ሁለት ሳጥን እስላለሁ፣ ቀስት አደርግባቸዋለሁ፣ «በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳሉ፣ ልክ ጥፍራችን እንደሚያድገው» እላለሁ፣ ደወል ይደወላል። ልጆቹም የሚይዙት መሬት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀጥ ብላ ጸጥ ብላ ስትሄድ ነው። እንደዛ ቢሆን ኖሮ እኮ ማንም ምንም አይሰማውም ነበር፣ 2 ሴንቲ ሜትር በዓመት ማን ያስተውላል? ታዲያ አዋሽ ላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ለምንድን ነው? ቀስቱ ይሄን አይመልስም። ስለዚህ የዛን ሳምንት ክፍለ ጊዜዎች በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሰጠሁት፣ በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር ዳባሁ ላይ ለሆነው። በዓለም ላይ ሁለት ፕሌት ሲለያይ ሰው በዘመናዊ መሣሪያ በደንብ ካያቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነው፣ የሆነውም እኛው አገር ነው፣ እኛ ግን ከፈረንጅ ልጆች ባነሰ ነው የምናውቀው፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ቦታው። ዳባሁ አፋር ክልል ተሩ ወረዳ ውስጥ ያለ ተራራ ነው፣ እሳተ ገሞራ ነው፣ ከፍታው 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ከባህር ዳር ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ በቀጥታ መስመር 350 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ማለትም ከኛ ወደ አዲስ አበባ በአየር ካለው ብዙም አይበልጥም። ከተራራው ደቡብ ማንዳ ሐራሮ የሚባለው ሜዳ ይዘረጋል፣ ጥቁር ባዛልት፣ በረሃ፣ እና ሜዳው ላይ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጎን ለጎን የተሰመሩ ስንጥቆች አሉ። ከላይ በሳተላይት ብታዩት በሬ ያረሰው ማሳ ነው የሚመስለው፣ ትልሙ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ።

የዚህ ቦታ ልዩ ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ፕሌቶች የሚለያዩበት ድንበር አብዛኛው ያለው ውቅያኖስ ሥር ነው፣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ውሃ ታች፣ ሰው አያየውም። ቀይ ባሕርን ከፍቶ የሚመጣው ድንበር ግን አፋር ላይ ሲደርስ ወደ የብስ ይወጣል። እንዲህ የውቅያኖስ ወለል የሚሠራው ሥራ በእግር ተኪዶ የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ ሁለት ነው የሚጠቀሰው፣ አይስላንድና አፋር። በዚህ በኩል ያለነው እኛ ኑቢያ በሚባለው ፕሌት ላይ ነን፣ ጣናም፣ ጎጃምም፣ ሱዳንም፣ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራብ ያለው አፍሪካ በጠቅላላ። በዛኛው በኩል ዓረቢያ ናት። ከሐረር ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ያለው ደግሞ የሶማሊያ ፕሌት። ሦስቱም አፋር ላይ ይገናኛሉ፣ ማለቴ ይለያያሉ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። መስከረም 4 አካባቢ ትንንሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አፋር ውስጥ መንቀጥቀጥ ብርቅ ስላልሆነ ያን ያህል ልብ የሚባል አልነበረም። ከመስከረም 10 በኋላ ግን ነገሩ ተቀየረ፣ አንዱ ሳያባራ ሌላው፣ አንዱ ሳያባራ ሌላው፣ ቀንና ሌሊት። ከመስከረም 4 እስከ 24 ባለው ጊዜ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆኑት ብቻ 163 ተቆጥረዋል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ትልቁ 6 እንኳን አልሞላም። አንድ ትልቅ መጥቶ ከዛ ትንንሾቹ ቢከተሉት የተለመደው ዓይነት ነው፣ ዋናው መጣ ከዛ ፍርስራሹ ተደላደለ ይባላል። ይሄ ግን ዋና የለውም፣ ሁሉም ተቀራራቢ ናቸው፣ ልክ የሆነ ነገር ከመሬት ሥር እየገፋ እየሰነጠቀ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ነው። የባለሙያ ጆሮ ይሄን ሲሰማ «ማግማ እየተጓዘ ነው» ይላል፣ ከመሬት ሥር ያለው የቀለጠ አለት ማለት ነው።

መስከረም 16 ከዳባሁ ሰሜን ምሥራቅ ጎን ዳኡሬ በሚባል ቦታ መሬቱ ተከፈተ። 500 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው አፍ። አመድ ወጣ፣ ሰማዩ ለሦስት ቀን እንደጨለመ ነው ነዋሪዎቹ የተናገሩት፣ ከታች በኩል ቀለል ያለ ብስኩት የመሰለ ድንጋይ ተከመረ። አካባቢው ላይ የነበሩት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ለቀቁ።

መስከረም 16 ማለት እንግዲህ ደመራ ነው። እኔ ያኔ 9ኛ ክፍል ገና መግባቴ ነበር፣ ባህር ዳር ደመራው ሲለኮስ እናቴ አጠገብ ቆሜ ችቦ ይዤ እንደነበር በደንብ ትዝ ይለኛል፣ ደመራው ወደየት ወደቀ እየተባለ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ። በዛች ቀን በስተምሥራቅ 350 ኪሎ ሜትር ላይ አገሬ የቆመችበት ፕሌት ከጎረቤቷ እየተላቀቀች ነበር፣ እኔ ግን ይሄን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ለልጆቹ ይሄን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 26 ቀን 2005 ብዬ ብነግራቸው ኖሮ ማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ይረሱት ነበር፣ ደመራ ግን አይረሳም።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ አታላይ አየለ፣ ገዛኸኝ ይርጉ፣ ደረጀ አያሌው ናቸው ቶሎ የደረሱበት፣ ከውጭም የእንግሊዙ ቲም ራይትና አሜሪካዊቷ ሲንዲ ኤቢንገር ያሉባቸው ቡድኖች ተቀላቀሉ። መሬት ላይ ያዩት በየቦታው አዲስ የተከፈተ ስንጥቅና እንደ ደረጃ የወረደ መሬት ነው፣ አንዳንዱ ደረጃ እስከ 3 ሜትር ድረስ። ትልቁን ነገር ያሳየው ግን ሳተላይት ነው፣ ኤንቪሳት የሚባል የአውሮፓ ሳተላይት።

አሠራሩን ለልጆቹ እንዲህ ነበር ያስረዳኋቸው። ሳተላይቱ ወደ መሬት የራዳር ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱን ይለካል። ከወር በኋላ እዛው ቦታ ላይ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ይለካል። ሁለቱን ምስል ስታስተያዩት መሬቱ ካልተንቀሳቀሰ ልዩነት የለም፣ ከተንቀሳቀሰ ግን በቀለም የተሞላ መስመር ይወጣል፣ አንዱ የቀለም ዙር 2.8 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እንግዲህ ዙሩን ትቆጥራለህ። የዳባሁ ምስል ላይ ዙሩ በጣም ከመጥበቡ የተነሳ መሃሉ ጋ ሲደርስ መቁጠር አልተቻለም፣ መሬቱ ከተጠበቀው በላይ ተንቀሳቅሷል፣ በሌላ ዘዴ ነው ያንን ክፍል የለኩት። ያገኙት ይሄን ነው፦ ከዳባሁ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ከመሬት ሥር ማግማ እንደ ግድግዳ ቆሞ ገብቷል፣ አብዛኛው ከ2 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፣ ሰፊው ቦታ ላይ ውፍረቱ 8 ሜትር ይደርሳል፣ የማግማው መጠን 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር። ዳኡሬ ላይ ወደ ውጭ የወጣችው ከዚህ ጋር ስትተያይ ከምንም አትቆጠርም። ይሄን የማግማ ግድግዳ ባለሙያዎቹ ዳይክ ይሉታል።

እዚህ ጋ ልጆቹ ጠፉብኝ፣ ፊታቸው ላይ አየሁት። «ቲቸር ግድግዳ እንዴት ከመሬት ሥር ይገባል?» አለች አንዷ። እውነቷን ነው፣ ማግማ ሲባል ሰው የሚያስበው ጉድጓድ ውስጥ የሚንተከተክ ወጥ ነው።

ማታ ቤት ሄጄ ባለቤቴን ገንፎ ጠንከር አድርጋ እንድታገነፋልኝ ለመንኳት። ከመሃሉ ለሁለት የተቆረጠ የፕላስቲክ ሳህን ገጥሜ ከሥሩ በፕላስተር አጣበቅኩት፣ ገንፎውን ሞላሁት፣ ደልድዬ አቀዘቀዝኩት፣ ከታች በኩል መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተውኩ። በማግስቱ ክፍል ይዤው ሄድኩ፣ ሲሪንጅ ውስጥ የቀለጠ ቅቤ በበርበሬ አቅልቼ። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው በጣም ቀስ ብለው እንዲስቡ አደረግኩ፣ አንዱ ደግሞ ከታች ቅቤውን እንዲገፋ። መጀመሪያ ምንም የለም። ገንፎው ይለጠጣል ብቻ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ይሳሳል፣ እንደገና ምንም። ከዛ በድንገት፣ ልክ ድንገት፣ መሃሉ ላይ ላዩ ዝቅ አለ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ቀጭን ስንጥቅ ሄደ፣ እና ዳር ላይ ብቻ አንዲት ጠብታ ቀይ ቅቤ ብቅ አለች። አንዲት ብቻ። ቅቤው እስኪረጋ ጠብቀን በቢላ አቋርጠን ስንቆርጠው ከላይ የማይታየው ታየ፣ ከታች እስከ ላይ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ቀጭን ቀይ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ስፋቱም ከተሳበበት አቅጣጫ ጋር ነው። ያቺ ጠብታ ዳኡሬ ናት። ላዩ ዝቅ ያለው ማንዳ ሐራሮ ነው፣ እዛም መሃሉ በሜትር ደረጃ ሰጥሞ ጎንና ጎኑ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ቅቤው ሲወጣ የጎደለው ሲሪንጅ ደግሞ ዳባሁና ጎረቤቱ ጋብሆ ናቸው፣ ሁለቱም ተራራዎች ሥራቸው ያለው ማግማ ሲወጣባቸው ሰጥመዋል፣ የቀረው ማግማ ግን ከሌላ ከጥልቁ ነው የመጣው። ዋናው ሥራ የተሠራው በመንቀጥቀጡ አልነበረም እኮ፣ መንቀጥቀጦቹ በሙሉ ቢደመሩ የመሬቱን መንቀሳቀስ ትንሹን ክፍል ብቻ ነው የሚያስረዱት፣ ዋናውን የሠራው ድምፅ የሌለው ማግማ ነው።

አንድ ነገር ላስተካክል፣ ምክንያቱም በየጊዜው ሲዘዋወር አየዋለሁ። የዳኡሬን ፎቶ ለጥፈው «ኢትዮጵያ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት 8 ሜትር ስፋት ያለው ገደል ተከፈተ» የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። 8 ሜትሩ ከታች ነው፣ የማግማው ግድግዳ ወፍራሙ ቦታ። ላይ ያለው ብዙ ትንንሽ ስንጥቅና ደረጃ ሆኖ ተበታትኖ ነው የሚታየው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ገደል ነው ብሎ ያመነ ልጅ ነገ ደጃፉ ላይ ገደል ይጠብቃል፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ጥያቄ የመጣውም ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ዕዳው። ዓረቢያና ኑቢያ እዛ አካባቢ የሚለያዩት በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ይሄ ፍጥነት ከታችና ከሩቅ ነው የሚታየው፣ ድንበሩ ላይ ያለው ጠንካራ አለት ግን አይላቀቅም፣ ይለጠጣል፣ እንደ ገንፎው። ስለዚህ 8 ሜትርን ለ2 ሴንቲ ሜትር አካፍሉ አልኳቸው። ስልክ ሁሉ ወጣ። 400። ፍጥነቱ ትንሽ ካነሰ ወደ 500 ይጠጋል። 8 ሜትሩ ሰፊው ቦታ ስለሆነ ይሄ ግምት ነው፣ በሌላው ቦታ ከዛ ያነሰ ነው፣ ግን ነገሩን ለመያዝ ይበቃል፦ ከ1998 ላይ 400 ዓመት ወደ ኋላ ብትሄዱ ፋሲል ጎንደርን ገና አልቆረቆረም። ፋሲል ግንቡን ሲያስገነባ፣ ቴዎድሮስ ሲነግሥ፣ ባህር ዳር ከተማ ስትሆን፣ በዛ ሁሉ ዘመን ድንበሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ተለጠጠ፣ ዕዳው ተጠራቀመ፣ ማንም አላየም። ከዛ ማግማው ቦታ ሲያገኝ በሦስት ሳምንት ተከፈለ። ቀስቱ ሰሌዳ ላይ ውሸት አይደለም፣ አማካዩ ነው። አማካይ ላይ ግን ሰው አይኖርም፣ ሰው የሚኖረው ወይ ጸጥ ባለው 400 ዓመት ውስጥ ነው ወይ በሦስቱ ሳምንት ውስጥ።

እና ደግሞ በዛ አላበቃም። ከ1998 ማብቂያ ጀምሮ እስከ 2002 ድረስ እዛው መስመር ላይ 13 ተጨማሪ ዳይኮች ገቡ፣ እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ያነሱ፣ አንዳንዶቹ ላይ ቀይ ላቫ ከስንጥቁ ፈስሶ ወጥቷል፣ ለምሳሌ በ1999 ነሐሴና በ2001 ሰኔ። አይስላንድ ክራፍላ ላይም በፈረንጆች ከ1975 እስከ 1984 ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፣ ወደ 20 ዳይክ። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ድንበር ባሕርይው ይሄ ነው፣ ለመቶዎች ዓመት ይተኛል፣ ሲነሳ ለዓመታት ይነሳል፣ መልሶ ይተኛል።

አዋሽስ? ልጆቹ ሲጠብቁት የነበረው ይሄ ነው። ከ2017 መስከረም ጀምሮ ፈንታሌና ዶፋን በሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ የሆነው የዳባሁ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል፣ እዛም ማግማ ከመሬት ሥር እንደ ግድግዳ እየገባ በአስር ኪሎ ሜትሮች ተጉዟል፣ መንቀጥቀጡም ከፈንታሌ ወደ ዶፋን እያለ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ታኅሣሥ 25 ዶፋን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ፈንድቶ ወጣ፣ ያን ቪዲዮ ሁሉም አይቶታል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀያቸውን ለቀዋል። ልዩነቱ ድንበሩ ነው፣ አዋሽ ላይ የሚለያዩት ኑቢያና ሶማሊያ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚለያዩት፣ ከሰሜን አፋሩ በጣም ያዘገመ። ዕዳው ቀስ ብሎም ቢሆን ይጠራቀማል። ሰዉ ደግሞ አዋሽ ላይ ከተሩ ይልቅ ብዙ ነው፣ የስኳር ፋብሪካ አለ፣ ግድብ አለ፣ ባቡር አለ፣ ዋናው የጅቡቲ መንገድ አለ። ለዚህ ነው ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ጉዳቱ የሚለየው።

«ታዲያ ቱርክ ላይ ለምን እንደዛ ሰው አለቀ?» አለኝ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ፣ እኔ ራሴ ልጠይቀው የፈለግኩትን። በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ቱርክ ላይ 7.8 የተለካው ቱርክና ሶሪያ ላይ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። አሁን ካርታውን ዘርጉ። ከኛ ዳባሁ ላይ የምትላቀቀው ዓረቢያ የት ነው የምትሄደው? ወደ ሰሜን። ሰሜን ላይ ማን አለ? ቱርክና ኢራን። እዚህ የምትለቀው ቦታ እዛ የምትገፋው ነው። ኢራን በኩል ፊት ለፊት ተጋጭታ የዛግሮስን ተራሮች አጥፋ አነሳች፣ ቱርክን ደግሞ እንደ ሳሙና ወደ ምዕራብ እያንሸራተተች ትገፋታለች፣ በምዕራብ በኩል በሙት ባሕር መስመር ላይ ጎን ለጎን ትፋተጋለች። አንድ ፕሌት ናት፣ ሦስቱንም ዓይነት ድንበር ይዛለች፦ እኛ ጋ መለያየት፣ ኢራን ላይ መጋጨት፣ ሙት ባሕር ላይ መንሸራተት። መጽሐፉ ሦስቱን በሦስት ገጽ ለያይቶ ነው የሚያስተምረው፣ እኔም እንደዛው ሳስተምር ኖሬያለሁ፣ ዓረቢያን ይዞ መጀመር ግን ስንት ነገር ያቀላል።

የገዳዩም ነገር እዚሁ ነው። የሚለያይ ድንበር ላይ ቅርፊቱ ቀጭንና ትኩስ ነው፣ ብዙ አይሸከምም፣ ማግማም ስላለ ዕዳው በትንንሹ ይከፈላል፣ 5 እና 6 ደረጃ ላይ። የሚጋጭና የሚንሸራተት ድንበር ላይ ግን አለቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ነው፣ ተቆልፎ ይቆያል፣ ሲለቅ በአንድ ጊዜ ነው። ጃፓን በፈረንጆች በ2011 የባሕሩ ወለል አንዳንድ ቦታ ላይ 50 ሜትር የሚደርስ ነው በደቂቃዎች ውስጥ የተንሸራተተው። ይሄን ሁሉ ስል 6.0 ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ለሚተኛ ሰው 5 እንኳን ይበቃዋል።

ወደ ጣና። ጣና የፕሌት ድንበር ላይ አይደለም፣ ኑቢያ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለው፣ ከስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ምዕራብ፣ ደጋው ላይ። ስለዚህ ዳባሁ ላይ የሆነው እዚህ ይሆናል ብሎ የሚያስፈራ ምክንያት የለም፣ ይሄን በግልጽ ነገርኳቸው። ግን «መሬታችን ከዚህ ነገር ጋር ዝምድና የላትም» ብላቸው ውሸት ይሆናል። ይሄ የቆምንበት ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከታች በወጣ ላቫ የተነጠፈ ነው፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ፣ አንዳንድ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት አለው፣ ያ ትኩሳት ነው በኋላ ዓረቢያን ከአፍሪካ እንድትላቀቅ መንገዱን ያለሰለሰው። የጣና ጎድጓዳ ራሱ ከጎንደር፣ ከደንገል በርና ከደብረ ታቦር በኩል የሚመጡ ሦስት አሮጌ ስምጥ መሬቶች የሚገናኙበት ላይ ነው ያለው፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ከዛ በጣም ወጣት የሆነ ላቫ ፈስሶ ውሃውን ገደበው፣ ሐይቅ የሆነውም በሱ ነው። ጥልቀቱ 14 ሜትር ብቻ መሆኑም ለዚህ ነው፣ የተገደበ ሰፊ ሳህን ነው እንጂ እንደ ታንጋኒካ የተሰነጠቀ ገደል አይደለም። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄዳችሁ የምትጠመቁበትም ከታች ሙቀት ስላለ ነው፣ ውሃው በስንጥቅ ወርዶ ሞቆ ይመለሳል። ያቺ ሴት ልጅ፣ ግድግዳ እንዴት ይገባል ያለችው፣ «እናቴ እኮ በየዓመቱ ትወስደኛለች፣ ለምን አልነገራችሁንም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ 11 ልጆች ይዤ ጢስ ዓባይ ሄድን። በበጋ ውሃው ስለሚሳሳ ድንጋዩ ይታያል፣ ለዚህ ጉዳይ ከክረምቱ ይሻላል። ፏፏቴው የሚወርድበት ጥቁር ድንጋይ ያ ወጣቱ ላቫ ነው። ከታች ወርደን ከወደቁት ድንጋዮች አንዱን አነሳን፣ በአንድ ፊቱ ድፍን ነው፣ ሲገለበጥ ግን እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ትልቁ ቀዳዳ የልጅ ጣት ያስገባል። ላቫው ሲፈስ ውስጡ የነበረው ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ድንጋዩ ቀድሞት ረጋበት፣ ስለዚህ ዓይን ያለው ፊት ያኔ ላይ የነበረው ነው። ሰሌዳው ላይ የጻፈው ልጅ ድንጋዩን ይዞ ብዙ ቆየ፣ ስልኩ ላይ የማንዳ ሐራሮን የ2001 ላቫ ፎቶ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው፣ ገለባበጠው። «ቲቸር፣ አንድ ነው እኮ» አለኝ። አንድ ነው አልኩት። ድንጋዩን ወስዶ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል፣ ዓይን ያለውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ።